ቅዳሜ ስለዘፈንከው ዘፈን

«ፈንታሁን ቅዳሜ ኮሌጁ አዳራሽ ሊዘፍን ነው አሉ።»

ይህን የሰማሁት ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከጎኔ የተቀመጠች፣ ጭኗ ላይ የሽንኩርት ፌስታል የያዘች ሴት ለጓደኛዋ ስትነግራት። ጓደኛዋ አልደነገጠችም፤ «ስንት ሰዓት?» ብቻ አለች። «ስምንት ሰዓት።» «እንሄዳለና!» ወሬው ሰዓት የተቆረጠለት ስለነበር ለመጠራጠር ምክንያት አላገኘሁም። ቤቴ እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ ሲከነክነኝ መጣ። የሚዘፍን ከሆነ፣ ለሽንኩርት ሸማች ተነግሮ ለሚስቱ የማይነገረው ለምንድን ነው? ደግሞስ ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው መዝፈን የጀመረው?

ፈንታዬ፣ የልጄ አባት፣ ያለህበት ተመችቶህ ይሆን? ከተለያየን እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላን። ሰው ሁሉ ያረፍክበት ቦታ ከእኛ የተሻለ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ደርሶ የተመለሰ ይመስል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ወሬ አጥቼ አይደለም። በሕይወት ሳለህም የጻፍኩልህን አታነብም ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አግብተህ፣ በትዳር ዘመናችን ያነበብከው መጽሐፍ የኦርጋኑን መመሪያ ብቻ ነው፤ እሱንም ሥዕል ሥዕሉን። አሁን ሌላ ሥራ የለብህምና ይህን እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ። የባሕር ዛፍ አጥራችን ፈርሶ በብሎኬት ታጥሯል። ኦርጋኑን በትከሻህ ይዘህ እየተንሸራተትክ ትወጣው የነበረው አቀበት ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ አሁን አንድ ኪሎ ቲማቲም እንኳ በባጃጅ ነው የሚወጣው። እኔ መነጽር አድርጌያለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ያው ነው። መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለኝ ሕዝቡ እንዲያነብ ነበር፤ ሕዝቡ ስላልመጣ እሱን ወክዬ አነባለሁ። እናትህ እማ ዘውዴ ካቻምና ጋፋት ቤታቸው እንዳሉ አረፉ። ይህን ራሳቸው ሳይነግሩህ አልቀሩም፤ ስለ እኔ የነገሩህ ካለ ግን ግማሹን ብቻ እመን።

ኦርጋኑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ከሐሙሲቱ ሠርግ ስትመለስ ሚኒባሱ ሲገለበጥ እሱ ምንም አልሆነም፤ ከሽፋኑ ላይ አፈር ብቻ ነው የተራገፈው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ካለቀሰ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕቃውስ?» ይለኝ ነበር። እኔም «ዕቃው ደህና ነው፣ ተመስገን» እላለሁ። ሰዎቹም እፎይ ይላሉ። አንድ ቀን፣ ከሄድክ ብዙ ቆይቶ፣ አውርጄ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ሠራ። ያን ቀን ኦርጋኑን እንደጠላሁት ሰው እንኳ ጠልቼ አላውቅም።

ቤዛ አንተ ስትሄድ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃያ አንድ ሆናለች። ቁመቷ ያንተ ነው። ትዕግሥቷም ያንተ ነው፣ ማለትም የላትም። እዚሁ ከተማችን ኮሌጅ ግራፊክ ዲዛይን ስትማር ቆይታ ዘንድሮ ጨረሰች። ትምህርቱ ምን እንደሆነ ለእማ ዘውዴ ለማስረዳት ሞክረን ነበር። «ሥዕል ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትሣል፣ ምነው ወረቀት ታበላሻለች» አሉና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ለመመረቂያዋ የመረጠችው ሥራ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለወደፊቱ ሙዚቃ ምን ይዞ እንደሚመጣ በሥዕል ማሳየት ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣ ነገር ነው። ኦርጋንህ ላይ ስትጫነው ከበሮውን ብቻውን የሚመታ ቁልፍ ነበር አይደል? ያ ቁልፍ አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ ከብዶ መጣ በለው። ይዘፍናል፣ ይሥላል፣ ይጽፋል። ሲጽፍ እንኳ ብዙም አያምርበትም። ቤዛ ካሠራችው ሥዕል በአንዱ ላይ ማሽኑ በራሱ ፈቃድ የጻፈው ጽሑፍ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ፊደላችንን ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉት አንዱም ፊደል አይደለም። እግር በማያስፈልገው ላይ እግር ቀጥሎ፣ እግር የሚያስፈልገውን ቆርጦ። ሥዕሎቹ ግን ያምራሉ። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በኋላ ደብረ ታቦር ላይ የሚደገስ ሠርግ ነው። ዳሱ መስታወት ነው። ከበስተ ኋላ ጋፋት ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ሙዚቀኛ በሚቀመጥበት ጥግ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሰው የለም፣ ብርሃን ብቻ ተቀምጧል። ከዚያ ብርሃን ውስጥ የሚዘፍነው፣ እንደ ልጅህ ሐሳብ፣ አንተ ነህ።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው።

አንተና እኔ እንደምናውቀው፣ አንተ ኦርጋን ትነካለህ፣ ሲሳይ ይዘፍናል። አንተ ሠርግ ቤት አፍህን የምትከፍተው ለመብላትና ማይኩን ለመሞከር ነበር። ኦርጋኑ ያንተ ስለሆነ ግን ከተማው ሁሉንም ጠቅልሎ «ፈንታሁን ኦርጋን» ይል ነበር፤ ሲሳይም ቅር ብሎት አያውቅም። የኛው ሠርግ ትዝ ይልሃል? በከተማው ኦርጋን ያለው አንተ ብቻ ስለነበርክ፣ በገዛ ሠርግህ የምትጫወተው አንተው ሆንክ። ሙሽራው ለአንድ ዘፈን አጠገቤ ይቀመጣል፣ ለሦስት ዘፈን ይጠፋል። ሚዜዎችህ ቦታህን ተራ ገብተው ጠበቁልህ። ከገጠር የመጡት አክስቴ እስኪመሽ ድረስ የተዳርኩት ለሲሳይ መስሏቸው ነበር፤ ማይክ ይዞ ፊቴ ቆሞ «ትርንጎዬ» እያለ የሚዘፍነው እሱ ነበራ። «ባልሽ ድምፁ መልካም ነው፣ ግን ቁጭ አይልም እንዴ?» ብለው ጆሮዬ ላይ ሲያንሾካሹኩ፣ «እሱ አይደለም ባሌ፣ ያኛው ነው» ብዬ በአገጬ አሳየኋቸው። አንተን አዩህ። ሽቦ እየቀጠልክ ነበር። «ይሁን» አሉ።

እማ ዘውዴ ሳጥን ውስጥ አንዲት ካሴት ነበረች። ላይዋ ላይ በተንጋደደው ጽሕፈትህ «ፈንታሁን ኦርጋን» ብለህበታል። ቤዛ ክረምት ክረምት ጋፋት ስትሄድ፣ አባቴን አምጡ እያለች ስታስቸግር፣ እማ ዘውዴ ካሴቷን ያስከፍቱና «ይኸው አባትሽ፣ ስሚው» ይሏት ኖሯል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ደግሞ አልዋሹም፤ ኦርጋኑ አንተ ነህ። ለሕፃን ግን ከጣት የሚወጣው ድምፅ አባት አይሆንም፤ አባት የሚሆነው ከአፍ የሚወጣው ነው።

ሥራዋ ለሕዝብ ከሚታይበት ከቅዳሜው ዐውደ ርእይ ሳምንት ቀደም ብሎ ከሥራ ስገባ ልጅህ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰካችብኝ። «እማ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። አባዬ ነው።»

ጨፈንኩ። ሲሳይ ነበር። ወጣቱ ሲሳይ፣ ያ ጫፉ ላይ እንደ ቅጠል የሚርገበገበው ድምፁ፣ ሲሳይ ግን በሕይወቱ ዘፍኖት የማያውቀውን ዘፈን እየዘፈነ። ማሽኑ ድምፁን ከካሴቷ ተምሮ፣ ቤዛ የነገረችውን ሐሳብ ግጥም አድርጎ፣ ዜማ አውጥቶ፣ አጃቢ ቀጥሮ ዘፈነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ የፈጀበት ጊዜ አንተ የኦርጋኑን ገመድ ለመፍታት ከሚፈጅብህ ያንሳል። ግጥሙ እንዲህ ይላል፦

ቤዛዬ ልጄ ሆይ፣ የቤቴ መብራት፣
ሩቅ ብሆን እንኳን አለሁ በዜማት።

«ዜማት» የሚባል ቃል በአማርኛ የለም፤ ቤት እንዲመታለት የፈጠረው ነው። ይህን ሰውም ስለሚያደርገው አልፈረድኩበትም።

ዓይኔን ስገልጥ ቤዛ ፊቴን እየጠበቀች ነበር። አፌን ከፈትኩ። «ይሄ እኮ...» ከማለቴ ቀደመችኝ። «ታውቂያለሽ እማ፣ አባዬ ሕልሜ ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ዝም ብሎ ነበር። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ትናንት ግን ተናገረ። ስሜን ጠራኝ።» አፌን ዘጋሁ። «ይሄ እኮ ምን?» አለችኝ። «ይሄ እኮ ድምፁ በዝቷል፣ ጆሮዬን አመመኝ» አልኳት። ቀነሰችልኝ።

ያን ሰሞን ምን ያህል እንደተናደድኩብህ ብነግርህ መቃብርህ ውስጥ ትገላበጥ ነበር። አንድ ዘፈን! አንዲት የልደት ዘፈን ብትዘፍንላት ምን ነበረበት? አንደኛ ዓመቷን ስናከብር ሰው ሁሉ ሲዘፍን አንተ ኦርጋን ኋላ ተደብቀህ አጀብክ። ልጅህን የምትጠራት በፉጨት ነበር። እኔንም በጣትህ ጠረጴዛ መትተህ የጠራኸኝ ጊዜ አለ። ድምፄ አያምርም ትል ነበር፤ ማን እንዲያምር ጠየቀህ? የአውራጃውን ሙሽራ ሁሉ አስዘፍነህ ድረህ፣ ለገዛ ልጅህ የድምፅህን ቁራጭ እንኳ ሳታስቀምጥ ሄድክ። ታዲያ ያስቀመጠው ሰው ወረሳት። ማንን ልክሰስ? ልንገራት ብል፣ ሕልሟ እንደገና ድዳ ሊሆን ነው። ልተወው ብል፣ ልጄ ቀሪ ዘመኗን የሌላ ሰው ድምፅ አባዬ ስትል ልትኖር ነው፤ አንተም ለሁለተኛ ጊዜ ልትሞት ነው፣ በዚህኛው ለቅሶ የለም። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግራቸው እንኳ ገና ማሽኑ ምን እንደሆነ ሳስረዳ ይመሻል።

ቤዛ ይህን ሁሉ ሳታውቅ ከተማውን በፎቶህ ሞላችው። የሠርጋችንን ፎቶ ነው የተጠቀመችው፤ ደረትህ ላይ አበባ ሰክተህ ኦርጋኑ ላይ ጎንበስ ያልክበትን። በዚያ ፎቶ ላይ እኔም ነበርኩ፣ እጅጌህን ይዤ ወደ ወንበራችን ስጎትትህ። ለቅንብሩ አይመችም ብላ ቆረጠችኝ። አሁን ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ በየግድግዳው አንተና የእኔ እጅ አላችሁ።

እኛ አገር የሰው ፎቶ እንዲያ በትልቁ ታትሞ አደባባይ የሚሰቀለው ወይ ሲመረጥ ወይ ሲሞት ነው። አንተ እንዳልተመረጥክ ሁሉም ያውቃል። ወሩ ደግሞ ግንቦት፣ ያረፍክበት ወር። ስለዚህ የሚያውቅህ ሰው ፖስተሩን አይቶ ሙት ዓመትህ ነው አለ፤ የማያውቅህ፣ እንደ ሽንኩርቷ ሴትዮ ያለው፣ ዘፋኝ መጣ አለ። ከሥር በትንሹ የተጻፈውን «የመመረቂያ ዐውደ ርእይ» የሚለውን ያነበበ አልነበረም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝና ይህ አላስደነቀኝም።

ቅዳሜ ኮሌጁ በር ላይ ስደርስ የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እትዬ ባንቺ ከፊት ናቸው፤ ያኔ የእድሩ ሊቀመንበር ነበሩ፣ ዛሬም ናቸው። ጥበቃው አላስገባም ብሏል፤ የጠላ ጀሪካን ይዘዋልና።

«መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው እናቴ።»

«ለነፍስ ነው ልጄ።»

«ለነፍስም ቢሆን ክልክል ነው።»

«አንተ ሟች አይደለህም? አንድ ቀን አንተም ትፈልገዋለህ!»

ጥበቃው ይህን ሲሰማ ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ አስገባላቸው። እትዬ ባንቺ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ነው ወይ ትርንጎ? ሙት ዓመቱን ከግድግዳ ላይ እናንብብ? እኛ ሰው አይደለንም?» ዐውደ ርእይ ነው ልላቸው አሰብኩ። ድፎ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አቅፈውታል፤ ገና ትኩስ ነበር። «ልጅቱ ናት ያዘጋጀችው» አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። «ትባረክ። ያኔ ተዝካሩን አሳጥረሽው ነበር፣ ይኸው እሷ ካሰችው።» አሥራ ስምንት ዓመት ይዘውልኝ የቆዩትን ነው ያን ጊዜ ያወረዱት። ድፎውን ተቀበልኳቸው።

አዳራሹ ውስጥ የቤዛ መምህራን ሦስት ሆነው ጠረጴዛ ይዘዋል፤ ከኋላቸው ተማሪዎች፣ ከዚያ የእድሩ ሴቶች፣ ከፊት ወንበር ላይ ሽንኩርቷ ሴትዮና ጓደኛዋ። እትዬ ባንቺ ማሽኑ የጻፈው ፊደል መሳይ ነገር ፊት ቆመው ትንሽ አዩና «ግዕዝ ነው፣ ፍትሐት ይሆናል» ብለው አማተቡ። ሌሎቹም ተከትለው አማተቡ። አንዱ መምህር ይህን አይቶ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ቤዛ አስረዳች። ጎበዝ ናት፣ ይህን ልደብቅህ አልችልም። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። አንዱ መምህር «ይህ ቴክኖሎጂ የሙዚቀኞቻችንን እንጀራ አይዘጋም ወይ?» ብሎ ጠየቃት። «አይተካቸውም መምህር፣ ያግዛቸዋል» አለች። ይህንኑ ቃል አንተ ስትለው ሰምቻለሁ። አዝማሪው አያ ደምሌ ማሲንቆአቸውን ታቅፈው ሠርግ ቤት ደጅ ላይ ቆመው፣ አንተ ኦርጋኑን ይዘህ ስትገባ፣ «አያ ደምሌ፣ ይሄ እኮ እርስዎን አይተካም፣ ያግዝዎታል» አልካቸው። እሳቸውም ከት ብለው ስቀው «ይሁን ልጄ፣ አግዞ አግዞ ሲጨርስ ንገረኝ» አሉህ። በዓመቱ ማሲንቆአቸውን ይዘው ከከተማው ጠፉ። መጨረሱን ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

ከዚያ ቤዛ መብራቱን አጠፋችና ዘፈንክ።

መጀመሪያ ያለቀሱት እትዬ ባንቺ ናቸው። «ውይ ፈንታሁን! ውይ የሠርጉ ድምቀት!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። በአንድ አፍታ አዳራሹ ለቅሶ ቤት ሆነ። ፈንታዬ፣ እነዚህ ሴቶች በየሠርጉ አይተውሃል። አፍህ ተዘግቶ ጣትህ ሲሮጥ በዓይናቸው አይተዋል። ግን ፎቶህ ተሰቅሏል፣ ስምህ ተጠርቷል፣ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ደግሞ ለማልቀስ ከመጣ በኋላ አይመረምርም። ሽንኩርቷ ሴትዮ ዞር ብላ «እሱ መቼ ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይወጣም» አልኳት። «ታዲያ ከውስጥ ሆኖ ነው የሚዘፍነው?» «አዎ፣ ከውስጥ ሆኖ ነው» አልኳት። ረካች። መምህሩ በዚያ ሁሉ ዋይታ መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰማያዊውን ለምን መረጥሽ?» ብሎ ቤዛን ጠየቃት። በኋላ እንደሰማሁት ለታዳሚ ተሳትፎ ሙሉ ነጥብ ሰጥተዋታል። ለቅሶውን የሥራዋ አካል አድርገው ነው የወሰዱት።

ሲሳይን ያየሁት መብራቱ ሲበራ ነው። ግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር። አንተ ሐሙሲት ላይ ትተኸው በዚያ ሚኒባስ የተሳፈርክበት ሠርግ ለእሱም የመጨረሻው ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ ማይክ ጨብጦ አያውቅም። አሁን ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ወፍሯል፣ ጸጉሩ አልቋል። በሁለት እጁ ኮፍያውን ይዞ፣ ፊቱ እርጥብ ሆኖ፣ የወጣትነት ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ሲወጣ ሲሰማ ነበር። እሱ ይናገራል፣ እኔ ከዕዳው እገላገላለሁ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ እንዳይናገር ፈራሁ። ደግሞ እንዲናገር ፈለግሁ። ቤዛ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ጋሼ ሲሳይ! እርስዎ ከሁሉም በላይ ያውቁታል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ይመስላል?»

ሲሳይ በትከሻዋ በኩል እኔን አየኝ። ብዙ አላየኝም።

«ቁርጥ ራሱ ነው ልጄ» አላት። «ራሱ ነው።»

ልጅህ ትከሻው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ ዳቦ ቆረስኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ጠላው ተቀዳ። መምህራኑም ጠጡ። ጥበቃውም ጠጣ፣ ሁለቴ።

ሲሳይን በር ላይ ያዝኩት። «በምን ሥልጣንህ ነው?» አልኩት። «ድምፁ ያንተ እኮ ነው!» ኮፍያውን አደረገ። «ትርንጎ፣ ቆርቆሮ ለመሸጥ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? እኔ ልጆቼን ስቆጣቸው እንኳ አይሰሙኝም። እሷ ትስማው» አለኝ። ከዚያም፣ ትንሽ ሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ፣ «ደግሞ ጥሩ ዘፍኛለሁ አይደል?» አለ። ደግነት አንዳንዴ የሰውን በር ሰብሮ ገብቶ ቤት የሚጠርግ እንግዳ ነው። እሱ በአንድ ቃል ለልጄ አባት ሰጣት፤ የእኔን እውነት ግን ሳያስፈቅደኝ ወሰደው። አሁን ብናገር የሲሳይን ስጦታ የምነጥቅ ክፉ ሴት እኔ ነኝ።

እሑድ ቤዛ ደስታዋ አልበርድ ብሏት ሥራውን እንዴት እንደሠራችው ስታወራልኝ ዋለች። ካሴቷን ከማሽኑ ጋር ለማስማማት መከራዋን አይታለች። «መጀመሪያ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ነበረ እማ። አንድ ሰውዬ ማይክ ሲሞክር፤ ‹ሀሎ፣ ሀሎ... ይሰማል?› ይልና ያስላል። ደግሞ ‹ይሰማል ወይ?› ይላል። ጎርናና ነው ድምፁ፣ እንደ ሹፌር። ቆረጥኩት፣ ለማሽኑ ረብሻ ይሆንበታል።»

ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ለእንባዬ ምክንያት ነበረው።

«ካሴቷስ?» አልኳት።

«ቴፑ በላት። ገልብጬ ስጨርስ ተበጣጠሰች።»

«የቆረጥሽውስ? አላስቀመጥሽውም?»

«ለምን አስቀምጠዋለሁ እማ? ስልኬ ሞልቶ! ምነው፣ ታውቂው ነበር ሰውየውን?»

«በመጠኑ» አልኳት።

ይኸው ነው ፈንታዬ። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። እሷ በሕልሟ የሚናገር አባት አግኝታለች። ሲሳይ የሚያስፈልገው አልጎደለበትም። ከተማው ያጎደልኩበትን ተዝካር በልቷል። የተከፋ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ፤ አንተም ብትከፋ ማስረጃ የለህም። እንግዲህ እውነተኛው ድምፅህ በዚህ ዓለም ላይ የቀረበት ቦታ አንድ ነው፤ እኔ ጋ። ጎርናና ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሳትጠጣ ስትናገር በር ሲጎተት ይመስል ነበር። ስሜን ስትጠራ መሐሉ ላይ ትንሽ ቆም ትል ነበር፣ ደረጃ ፈልጎ እንደሚረግጥ ሰው። እንዲህ እንደነበር ከእኔ በቀር የሚመሰክር አልቀረም። ስለዚህ በሕይወት እስካለሁ ይህን ይዤልህ እኖራለሁ። ሲሳይ እንዳይወስደው፣ ማሽኑ እንዳያሳምረው፣ ልጅህም እንደ ረብሻ እንዳትቆርጠው እጠብቀዋለሁ። የምወደው ድምፅ ስለነበረ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያናድደኝ ነበር። ያንተ ስለሆነ ነው። ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ወረቀቱን ላጥፍ ስል፣ ስሜን ስትጠራ አንድ ጊዜ ልስማህ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠራኸኝ። በሲሳይ ድምፅ።